የጁሊየስ ኢስትማንን ሙዚቃ ከሙከራ ፊልም ጋር መድረክ ላይ ለማቅረብ፦ ከኖታው እስከ ፕሮጀክተሩ

41ኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ድንገት ጨለመ። ቃጭሎቹ ግን አላቆሙም። ቫይብራፎኑም (በዱላ የሚመታ፣ የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ነው) ሁለቱን ኖታዎች መምታቱን ቀጠለ። እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቼ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ላፕቶፑ ተኝቷል። ኃይል ቆጣቢውን ማጥፋት የእኔ ሥራ ነበር፤ ረሳሁት። ምስሉን ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ መጥታ «መሀል ላይ ያጨለማችሁት ነገር እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

ያን ምሽት የገባኝ ነገር ለዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ ነው። ፊልሙ ቢጠፋ ሙዚቃው ብቻውን መቆም አለበት። ሙዚቃው ካልቆመ ያዘጋጃችሁት የፊልም ምሽት ነው፤ ኢስትማን ደግሞ የጀርባ ሙዚቃ ሆኗል ማለት ነው። በሕይወቱ ከበቂ በላይ ወደ ጀርባ የተገፋ ሰው ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጁሊየስ ኢስትማን በ1940 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ኢታካ ነው። ፊላደልፊያ ከርቲስ ኢንስቲትዩት ፒያኖና ድርሰት ተምሮ በ1963 ተመረቀ። ፒያኖ ይጫወታል፣ በወፍራም ድምፁ ይዘፍናል፣ ይደንሳል፣ ሙዚቃ ይጽፋል። በ1970ዎቹ ቡፋሎ ላይ ከአዲስ ሙዚቃ ሰዎች ጋር ሲሠራ ቆይቶ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። ጥቁር ነው። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው። አንዱንም አልደበቀም። በ1976 ለአንድ የቡፋሎ ጋዜጣ ሲናገር ጥቁርነቱንም፣ ሙዚቀኛነቱንም፣ ጌይነቱንም እስከ ጥግ መኖር እንደሚፈልግ ተናግሯል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተከራየበት ቤት ሲባረር ንብረቱና ኖታዎቹ መንገድ ላይ ተጣሉ፤ ብዙው በዚያው ጠፋ። ኒው ዮርክ በሚገኘው ቶምፕኪንስ ስኩዌር ፓርክ ውስጥ ያደረባቸው ጊዜያት ነበሩ። በግንቦት 1990 ቡፋሎ ውስጥ ሆስፒታል ሞተ፤ 49 ዓመቱ ነበር። መሞቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሜሪ ጄን ሊች የምትባል የሙዚቃ ደራሲ ከ1998 ጀምሮ ቅጂዎቹን ከየሰው ቤት ማፈላለግ ያዘች። በ2005 የቀድሞ ቅጂዎቹ በሦስት ሲዲ ታትመው ወጡ። ዛሬ በየአገሩ የሚጫወቱት ሰዎች አብዛኞቹ በዚያ በር የገቡ ናቸው።

ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ የተለመደው «ግብረ ሰዶማዊ» ፍርዱን አብሮ ይዞ የሚመጣ ቃል ነው፤ ሰው ልታከብሩበት ብታነሱት አይሆንም። እኔ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» እላለሁ፤ አጠር ሲል «ጌይ»። እሱም በአንድ ሥራው ርዕስ ላይ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል። የአማርኛ በራሪ ወረቀት የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ተስማሙበት፤ በመጨረሻው ሌሊት የሚጨቃጨቁበት ነገር አይደለም።

1. መጀመሪያ ሥራውን ምረጡ፣ ከዚያ ፊልሙን

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፊልሙ ነው። ስህተት ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ማን አለን? ስንት ሰው? ምን ይጫወታሉ?

ለጀማሪ ቡድን የምመክረው «ስቴይ ኦን ኢት»ን ነው። የ1973 ሥራ ነው፤ ሀያ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ከፖፕ ዘፈን የመጣ የሚመስል አንድ አጭር ሐረግ እየተመላለሰ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ይበታተናል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መደማመጥ ከቻሉ ይሆናል።

«ጌይ ገሪላ» (ገሪላ ማለት ደፈጣ ተዋጊ ነው) የ1979 ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ። የታወቀው በአራት ፒያኖ ነው። አራት ፒያኖ ያለው አዳራሽ የት ይገኛል? ግን ኢስትማን ራሱ እነዚህን ሥራዎች አንድ ዓይነት በሆኑ ብዙ መሣሪያዎች መጫወት እንደሚቻል ተናግሯል። ስለዚህ የጊታር ወይም የቫዮሊን ቡድን ካላችሁ በሩ ክፍት ነው። በ1981 ለአሥር ቼሎ የጻፈው ስለ ፈረንሳዊቷ ተዋጊ ቅድስት ዣን ዳርክ የሆነው ሥራም አለ። ኖታው ጠፍቶ ከድሮ ቅጂ በጆሮ እየተሰማ እንደገና የተጻፈ ነው። ድንቅ ነው፤ ግን አሥር ጥሩ የቼሎ ተጫዋች ይፈልጋል።

እኛ የመረጥነው «ፌመናይን»ን ነበር። የ1974 ሥራ፣ 70 ደቂቃ አካባቢ። የኖታው ገጽ ጥቂት ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ጎኑ ላይ በስንተኛው ደቂቃ ምን እንደሚሆን የተጻፈበት። ቫይብራፎን ሁለት ኖታ ላይ የተሠራ አንድ ሐረግ ይይዛል፤ ሌሎቹ በዙሪያው ይሰበሰባሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃጭል ይንሿሿል። ለቃጭሎቹ ኢስትማን በሞተር የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነበረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 70 ደቂቃ ሙሉ ሳያርፍ ቃጭል የሚያወዛውዝ ክንድ የለም። እኛ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እንጨት ላይ አስረን፣ በቆዳ ቀበቶ ላይ የተሰፉ ቃጭሎችን አንጠለጠልንባት። ቀሽም ትመስላለች፤ ግን ሠርታለች። ሞተሩን ለብቻው ደጋግማችሁ ስሙት፤ የራሱ ጉርምርምታ ካለው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አድርጉ። ሞተር ካልሆነላችሁ ሦስት ሰው በየአምስት ደቂቃው ይቀባበል።

2. ፈቃድ

ይህን ክፍል ማንም አይወድም፤ ቶሎ ልለፈው። ደራሲው የሞተው በ1990 ነው፤ በብዙ አገር መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ኖታውን የሚያከራየውና ፈቃዱን የሚሰጠው የሙዚቃ አሳታሚው ጂ. ሸርመር ነው፤ የዋይዝ ሙዚቃ ቡድን አካል። ከኢንተርኔት ላይ በተገኘ ደብዛዛ ፒዲኤፍ መጫወት ነውር ነው፤ በተለይ ለዚህ ሰው። ጻፉላቸው። የትኛው ሥራ፣ መቼ፣ ስንት ወንበር፣ ነፃ ነው ወይስ ትኬት አለው፣ ከፊልም ጋር እንደሚቀርብ፤ ሁሉንም በአንድ ኢሜይል። ፊልም የሚለውን አትደብቁ። ዝግጅቱን ቀድታችሁ ከምስሉ ጋር ዩቲዩብ ላይ ልትጭኑ ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው፤ አብራችሁ ጠይቁ። አዳራሹ የሙዚቃ ማሰሚያ ፈቃድ እንዳለውም አረጋግጡ። ይህን ሁሉ ከዝግጅቱ ሦስት ወር በፊት ጀምሩ።

3. ፊልሙ ከየት ይመጣል?

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው መከራየት ነው። ኒው ዮርክ የፊልም ሜከርስ ኮኦፐሬቲቭ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ካንየን ሲኒማ፣ ለንደን ለክስ፣ ፓሪስ ላይት ኮን አሉ። የሙከራ ፊልሞችን፣ ማለትም ታሪክ ከመተረክ ይልቅ በምስል፣ በቀለምና በብርሃን የሚሞክሩትን፣ ለሕዝብ ማሳያ የሚያከራዩ ናቸው፤ ከክፍያው ድርሻው ለሠሪው ይሄዳል። አንድ ነገር አስተውሉ። ድምፅ ያለውን ፊልም ድምፁን ቆርጣችሁ በኢስትማን አትተኩ። የሠሪውን ጆሮ መቁረጥ ነው። ከመጀመሪያውም ያለ ድምፅ የተሠራውን ፈልጉ፤ የዚህ ዓይነት ብዙ ነው። ያኔም ቢሆን በሕይወት ያለውን ሠሪ በቀጥታ ጠይቁት፤ ዝምታውን ሆን ብሎ የመረጠ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ማሠራት ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለአንድ ጥቁር ጌይ ወይም ሌዝቢያን ፊልም ሠሪ ክፈሉና ነፃነቱን ስጡ። ከሁሉ የምወደው መንገድ ይህ ነው፤ ግን አቅም ይጠይቃል።

ሦስተኛው ራሳችሁ መሥራት ነው። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኢስትማን አሠራሩን «ኦርጋኒክ ሙዚቃ» ይለው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ከእሱ በፊት የነበረውን ይዞ ይመጣል። አዲስ ይጨመርበታል፤ ከዚያ አሮጌው በዝግታ ይወጣል። ቡና ለምታፈላ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቶና ውስጥ አቦል አለ። በረካ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ግን ቀጥነዋል። አተላው ያው ነው፤ ጀበናው ያው ነው፤ ስኒው ውስጥ ያለው ግን ያው አይደለም። ፊልሙንም በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል ብለን አሰብን።

16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ በርዝመት 18 ሴንቲሜትር ገደማ። አንድ ደቂቃ 11 ሜትር ይሆናል። ለ70 ደቂቃ ከ760 ሜትር በላይ። ይህን ሁሉ በእጅ ቀለም መቀባት የእብድ ሥራ ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ባዶ ግልጽ ፊልም ቆርጠን ጫፍና ጫፉን በፊልም ማጣበቂያ ቴፕ አገናኘን። እየዞረ የሚመለስ ቀለበት ሆነ፤ አንድ ዙሩ 16 ሰከንድ ያህል ነው።

ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ፊልሙን ዘርጉ። መጀመሪያ በማይለቅ ማርከር ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሂድበት። ስካን አስደርጉት። ፊልም የሚያጥቡ ላቦራቶሪዎች ይሠሩታል፤ 3 ሜትር ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው። ከዚያ በዚያው ፊልም ላይ፣ በዚያው መስመር ጎን፣ ሰማያዊ ጠብታዎች ጨምሩ። እንደገና ስካን። ቀጥሎ የጥፍር ቀለም፣ በስሱ። እንደገና ስካን። በስድስተኛው ዙር ፊልሙ ጠግቧል፤ ከዚያ ወዲያ መጨመር አቁሙና በመርፌ መፋቅ ጀምሩ። የመጀመሪያውን መስመር ፋቁ። ከዚያ ጠብታዎቹን፣ አንድ በአንድ። በአሥራ ሁለተኛው ዙር የቀረው የመርፌው ጭረትና የቀለም አቧራ ነው። እኛ ጋ አንድ ጠብታ አምልጣን ነበር፤ ፍሬም ላይ ጥግ ይዛ እስከ መጨረሻው በየ16 ሰከንዱ ብልጭ አለች። ሳናውቀው የቀረ ነው፤ ግን ከፊልሙ ሁሉ የምወደው እሷን ነው።

አሥራ ሁለት ስካን አላችሁ። እያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ያህል ይዞራል። ስድስት ጊዜ አሥራ ሁለት 72፤ ሥራውን ይሸፍናል። ካንዱ ወደ ሌላው ስታልፉ አትቁረጡ፤ በአርባ ሰከንድ ቀስ ብሎ ይቀላቀል። ተመልካቹ ሲቀየር ማየት የለበትም። ተቀይሮ ሲያገኘው ነው የሚገርመው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ቀለም የተቀባውን ፊልም ፕሮጀክተር ውስጥ ደጋግማችሁ አታዙሩ፤ ወፍራም ቀለም ፊልሙ በአምፖሉ ፊት በሚያልፍበት ጠባብ ክፍተት ላይ ይጣበቃል፣ ይላላጣል፣ ከቆመ ደግሞ አምፖሉ ያቀልጠዋል። ሁለተኛው ብልጭታ ነው። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራ የሚጠፋ ምስል የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሙከራ ፊልም ደግሞ ብልጭታ ይወዳል። ከቻላችሁ አስወግዱት፤ ካልቻላችሁ በር ላይ፣ ትኬት ላይ፣ መግቢያ ንግግር ላይ አስጠንቅቁ።

አንድ ክልከላም አለኝ። የኢስትማንን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አታድርጉ። ፓርክ ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር፣ በረዶ፣ ጎዳና ላይ የተበተነ ወረቀት... እባካችሁ። ሙዚቃው የሚለውን ትቶ አሟሟቱን የሚተርክ ፊልም ይሆናል። ፎቶው በራሪ ወረቀቱ ላይ ይበቃል።

4. የጋራ ሰዓት

ኖታው ላይ ሰዓት አለ ብያለሁ። ይህ ፀጋ ነው። ጆሮ ውስጥ ቲክ ቲክ የሚል መቆጣጠሪያ አያስፈልግም፤ ሙዚቃውንም ያደርቀዋል። አንድ ትልቅ ታብሌት ላይ የሩጫ ሰዓት ክፈቱ፤ ሁሉም ተጫዋች የሚያየው ቦታ ላይ ወደ ተመልካች ጀርባውን አዙሮ ይቀመጥ። ፊልሙን የሚያንቀሳቅሰው ሰውም ያንኑ ሰዓት በስልኩ ያስነሳ። በአንድ ቃል ነው የሚጀመረው፤ የሙዚቃ መሪያችሁ ጣቱን ሲያወርድ ሁለቱም ይጫኑ።

ፊልሙን እንደ አንድ ረጅም ቪዲዮ አታጫውቱት። አሥራ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ አስቀምጡና ሰው ይንካቸው። ይህ ሰው እንደ አንድ ተጫዋች ይቆጠር፤ ኖታ ይኑረው፣ ልምምድ ይምጣ፣ ስሙ ከሙዚቀኞቹ ጋር ይጻፍ። ተጫዋቾቹ አንድ ክፍል ላይ ሞቅ ብሏቸው ሀያ ሰከንድ ቢቆዩ እሱም አብሮ ይቆያል። ቪዲዮ ቢሆን ትቷቸው ይሄዳል።

ግን ተጠንቀቁ፤ የምስሉ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ ይፈተናል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ነው። ቀለም መገልበጥ፣ ፍጥነት መጨመር፣ ምስሉን በከበሮ ምት ማስደነስ ያምረዋል። ከፊልሙ ጋር ባደረግነው በመጀመሪያው ልምምድ እኔም አድርጌዋለሁ። ፒያኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ቆም አለና «አንተ ዲጄ ነህ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን ሰበሰብኩ።

5. ልምምድ

ስድስት ልምምድ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ፊልም ይሁኑ። ሙሉ በሙሉ ያለ ፊልም! ተጫዋቾቹ 70 ደቂቃ መቆየትን መጀመሪያ በሰውነታቸው ይልመዱ። ሀያኛው ደቂቃ አካባቢ ይሰለቻል። ሠላሳኛው ላይ ሰው ሰዓት ማየት ይጀምራል። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ይከፈታል፤ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህን ያላለፈ ቡድን መድረክ ላይ ይደናገጣል፣ ይፈጥናል።

አራተኛው ላይ ፊልሙን አስገቡ፤ ተጫዋቾቹ ግን ጀርባቸውን ለስክሪኑ ይስጡ። እኛ በአንድ ልምምድ ስክሪኑን እንዲያዩት ፈቅደን ነበር። ሁሉም አንገቱን አዙሮ ቀረ፤ ፍሉቱ ዘገየ፣ ቤዙ ጠፋ። ቀርፀን ስንሰማው የሰርግ ቪዲዮ የሚያይ ቤተሰብ ይመስላል።

ውሃ፣ ወንበር፣ ተራ በተራ የሚያርፍበት ቦታ አስቡ። ቫይብራፎን ለሚመታው ሰው ተቀያሪ ይኑረው። ጀግንነት አያስፈልግም።

ክፍያም እዚሁ ይነሳ። ለደራሲው ክብር ነው ተብሎ በነፃ የሚያስጫውት አዘጋጅ ገጥሞኛል። ኢስትማን በገንዘብ እጦት የተንከራተተ ሰው ነው፤ በስሙ ሰው በነፃ ማሠራት ያሳፍራል። ትንሽም ቢሆን ለሁሉም እኩል ይከፈል። ቡድኑ ውስጥ ጥቁርና ጌይ የሆኑ ሙዚቀኞች መኖራቸውንም ከጅምሩ አረጋግጡ፤ ፖስተር ከታተመ በኋላ ትዝ የሚል ነገር አይደለም።

6. አዳራሹ

ስክሪኑ ከተጫዋቾቹ ራስ በላይ ይጀምር። ተጫዋቾቹ ከስክሪኑ ሥር ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ቢሰበሰቡ ይሻላል፤ ያኔ ተመልካቹ ዓይኑን የቱ ጋ እንደሚያሳርፍ ራሱ ይመርጣል። የኖታ መብራቶች ዋነኛ ጠላት ናቸው፤ ወደ ላይ ከበሩ ስክሪኑን ያጥቡታል። ጥቁር ወረቀት ቆርጣችሁ እንደ ቆብ አልብሷቸው። ለመካከለኛ አዳራሽ የብርሃን መጠኑ ከ3000 ሉመን በታች የሆነ ፕሮጀክተር አትቀበሉ። የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ15 ሜትር ካለፈ ተራውን አትመኑት፤ ለረጅም ርቀት የተሠራውን ተከራዩ። ሳይቃጠል በቅጠል፤ የላፕቶፑን እንቅልፍ፣ ስክሪን መቆለፊያ፣ ዋይፋይና የመልእክት ማሳወቂያ ዝጉ። ቻርጀሩን ሰኩ። ቻርጀሩ የተሰካበት ማከፋፈያ ራሱ መሰካቱን እዩ። አትሳቁ።

7. ርዕሶቹና ፖስተሩ

አንዳንድ የኢስትማን ሥራዎች ርዕስ ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ለማዋረድ የሚነገረው ቃል በግልጽ ተቀምጧል። እዚህ አልጽፈውም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ በእኛም ቋንቋ ሰውን ከሰው በታች ለማድረግ የሚነገር፣ ዛሬም አፍ ላይ የሚገኝ ቃል አለ።

በጥር 1980 ኢስትማን ቺካጎ አጠገብ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሥራዎቹን በአራት ፒያኖ ሊያቀርብ ሄደ። ጥቁር ተማሪዎች በርዕሶቹ ተቆጡ። ርዕሶቹ ከታተመው ፕሮግራም ላይ ወጡ። እሱ ግን ከመጫወቱ በፊት ተነስቶ ለታዳሚው አስረዳ፤ ንግግሩ ተቀድቶ ቀርቷል። ያ ቃል ለእሱ መሠረት የሆነውን ሰው ያመለክታል፤ የአሜሪካ ሀብት በመስክ ባሪያዎች ጉልበት ላይ መቆሙን ያነሳል። ስለ «ገሪላ»ም ተናገረ፤ ለአንድ አቋም ራሱን የሚሰጥ ሰው ማለቱ ነው፣ እሱም ቢጠራ እንደዚያ መሆን እንደሚሻ።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ከመረጣችሁ ውሳኔው በቡድኑ ውስጥ ላሉት ጥቁር አሜሪካውያን ይተው። እነሱ ሙሉውን እንጻፍ ካሉ ይጻፍ፤ ግን እሱ እንዳደረገው ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ይኑር። እነሱ ካላሉ አይጻፍ። ከሁሉ የከፋው ቃሉን በኮከብ ሸፍኖ ምንም ሳይሉ ማለፍ ነው። ጎልቶ የሚታይ ነገር ሸፍናችሁ ያላየ መምሰል ይሆናል።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ሌላ ጣጣ አለ። ዋሽንግተን ወይም ሎንደን ውስጥ ሐበሻ ልትጋብዙ ከሆነ ታዳሚውን ፎቶ አታንሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ እዚህ ቤተሰቡ የማያውቅለት ሰው ሊመጣ ይችላል። አዳራሽ ውስጥ መታየቱ ብቻ ለወሬ ይበቃል፤ ወሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደርሳል። «ታዳሚ ፎቶ አይነሳም» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፉ፤ ፎቶ አንሺያችሁም ወደ መድረክ ብቻ ያንሳ። በእኛ ምሽት አንድ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ፣ እንደገና አንብቦ፣ ከዚያ ገባ።

8. ምሽቱ

ንግግር አምስት ደቂቃ አይለፍ። ማን እንደነበር፣ ምን እንደምንሰማ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ። መውጣትና መመለስ እንደሚቻልም ንገሩ፤ 70 ደቂቃ ታስሬያለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው አይሰማም። ከዚያ መብራት ይጥፋ። ስክሪኑም ጨለማ ይሁን። ቃጭሎቹ ብቻቸውን ይጀምሩ። እኛ ቀጭኗን መስመር ያስገባነው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ እስከዚያ ጆሮ ቦታውን ይይዛል።

መጨረሻው ላይ ፊልሙ ቀድሞ ይጥፋ፣ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ። ያቺ ያጋጣሚ ጨለማ ያስተማረችን ነገር ናት። ምስሉ ሲሄድ ሰው ወደ ተጫዋቾቹ ዞሮ እጃቸውን ማየት ይጀምራል፤ ላባቸውን፣ የደከመ ትከሻቸውን። ከዚያ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ቃጭሎቹ ይቀራሉ። ሞተሩን የሚያጠፋው ሰው አይቸኩል። የአዳራሹን መብራት ለሚይዘው ሰው ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ጭብጨባ ሳይጀመር አያብራ። የእኛው አብርቷል።

ሰው ከወጣ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። የተከራያችሁት ኖታ ይመለሳል፤ በልምምድ የጻፋችሁበት ሁሉ በላጲስ ይጥፋ። ስለዚህ ከመጀመሪያውም በእርሳስ ብቻ ጻፉ። እኛ በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን «እዚህ ተንፍስ»፣ «ሰዓት እይ»፣ «ፍጥነት!» የሚሉትን አጠፋን። ገጾቹን ቆጠርን። አንድ ጎደለ። ሁሉም ሰው ክው አለ፤ ቦርሳ ተገለበጠ፣ ምንጣፍ ተነሳ። ገጹ የተገኘው ቃጭሎቹ ሳጥን ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ነው። እንደገና ቆጠርን፣ ከዚያ ፖስታውን አሸግን።